ከሐረጉ ነው

መምህር ይሄነው አረፉ ብለው ሲደውሉልኝ መጀመሪያ የጠየቅሁት «ሲሞቱ ምን ተናገሩ?» ብዬ ነው። የደወለችልኝ የድሮ ባልደረባዬ ተገረመች። «አንቺ ደግሞ፣ ሰው ሞተ ሲሉሽ ምን ሆኖ ነው አይባልም?» አለችኝ። ምን ሆነው እንደሞቱማ አውቃለሁ። ስኳር ነው፤ የእግራቸውን ጣቶች አንድ በአንድ ሲወስድባቸው ከርሟል። የማላውቀው የመጨረሻ ቃላቸውን ነው። እኚያ ሰው ያለ ቃል ከክፍል እንኳ ወጥተው አያውቁም፤ ከዚህ ዓለም ያለ ቃል ይወጣሉ ብዬ ማመን አቃተኝ።

«ምንም አላሉም» አለችኝ። «አንደበታቸው ከተያዘ ሰንብቷል።»

ሙት ወቃሽ አያድርገኝና ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ አዘንኩ። ሁለቱም ስሜት እንዳለብኝ ከደጀን አውቶቡስ ተሳፍሬ ለቀብር ወደ ደብረ ማርቆስ ሄድኩ። ሉማሜን አልፈን አምበር ስንደርስ፣ በአንድ ግቢ አጥር ላይ የአዞ ሐረግ ነጭ ላባ የመሰለ ፍሬውን አንጠልጥሎ አየሁ። አምበር የመምህር ይሄነው አገር ነው። ፊቴን ወደ ሌላው መስኮት አዞርኩ።

መምህር ይሄነውን ያወቅኋቸው ገና ከኮሌጅ ወጥቼ፣ ደብረ ማርቆስ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ እንዳስተምር በተመደብኩ ጊዜ ነው። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። ቤተ ሙከራውን ከእርሳቸው ጋር እንድጋራ ተነገረኝና ገባሁ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ካፖርታቸውን ቤት ውስጥም የማያወልቁ ሰው ናቸው። ደርቆ በጋዜጣ መሐል የተጫነ ቅጠል እየተመለከቱ ነበር። ቀና ብለው ከራስ እስከ እግሬ አዩኝ።

«ቅጠልሽ ደኅና ነው» አሉኝ። «ሥርሽን ደግሞ እናያለን።»

«ሥር የሚታየው ሲነቀል ነው ጋሼ። እኔን ለመንቀል አይቸኩሉ» አልኳቸው።

«ሳማ ነሽ» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስመኝ የሚለውን ስሜን ከአፋቸው ሰምቼው አላውቅም።

ስማቸው ለሥራቸው ተለክቶ የተሰፋ ነበር። ተማሪ ቅጠል ይዞ ሲመጣ ገና ከበሩ «ይሄ ነው» ብለው ቤቱን፣ ዘሩንና ዝርያውን በላቲን ይነግሩታል። ሲሳሳቱ አላየሁም። ሰውንም የሚመድቡት እንዲሁ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ተቀጽላ ነበሩ፤ ምክንያቱም በሰው ግንድ ላይ ተንጠልጥለው ነው የሚኖሩት። የታሪክ መምህሩ አሜኬላ። ጥያቄ ያልመለሰ ተማሪ «አንተ ገና አልተመደብህም፤ ውጣና ቁም» ይባላል። ተማሪው ይወጣል፣ ክፍሉ ይስቃል፣ በማግስቱ ከሳቁት አንዱ ይወጣል። ነገራቸው እውነትም ያስቅ ነበር። ይህን ካልተናገርኩ መምህር ይሄነውን አላሳየኋችሁም።

በቤተ ሙከራው ግድግዳ ላይ ከአንድ አሮጌ የውጭ አገር መጽሐፍ የተገነጠለ የአበባ ሥዕል ተለጥፏል። ሐምራዊ ነው፣ መሐሉ ቢጫ፣ ከግንዱ እስከ ቅጠሉ ለስላሳ ጸጉር የለበሰ። በብርድ አገር ክረምቱ ሲወጣ፣ በፋሲካ ሰሞን ስለምታብብ የፋሲካ አበባ ይሏታል። አገራችን አትበቅልም። መምህር ይሄነው በዓይናቸው አይተዋት አያውቁም፤ ነገር ግን በየዓመቱ በዐቢይ ጾም መጨረሻ ስለ ዕፅዋት አመዳደብ የሚያስተምሩት በእርሷ ነበር። አንዲት ሴት ልጃቸውንም ፋሲካ ብለው የሰየሟት በዚህችው አበባ ነው።

ያን ትምህርት አንድ ቀን የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሰማሁት።

«ቤቷ አያከራክርም» አሉ ሥዕሉን በእንጨት እየነኩ። «ራነንኩላሴ ይባላል። ትንሽ እንቁራሪት ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ነው፤ ከዘመዶቿ ብዙዎቹ ረግረግ ስለሚወዱ። እኛ የእንቁራሪት ቤት እንበለው። በዚህ ቤት ማን ማን አለ? በእናቶቻችሁ ጓዳ ያለው ጥቁር አዝሙድ አለ። በአጥራችሁ ላይ ያለው የአዞ ሐረግ አለ። ወንድማማቾች ናቸው። አንዱ ዳቦ ያጣፍጣል፣ አንዱ ቆዳ ይልጣል። ቤት ነውና ሁሉም ይወለድበታል።»

ልጆቹ ሳቁ። መምህር ይሄነው አልሳቁም፤ በራሳቸው ነገር ስቀው አያውቁም።

«ዘሯ ግን አከራከረ። የመጀመሪያው ሊቅ አኔሞን ከሚባለው ዘር ቆጠራት፤ ከነፋስ የመጣ ስም ነው። ሌላው መጣና፣ የለም፣ ይቺ ለብቻዋ ናት ብሎ አወጣት። ፑልሳቲላ አላት፤ የምትመታ፣ ነፋስ የሚመታት እንደማለት። ዝርያዋን ደግሞ ቩልጋሪስ፣ ተራዋ፣ አሏት። አሁን ደግሞ ወደ አኔሞን እንመልሳት የሚሉ ተነሥተዋል። ለመሆኑ ምኗን አይተው ነው ከዘሯ ያስወጧት?»

እንጨቱን በሥዕሉ ጥግ ወዳለው ፍሬዋ አወረዱት።

«ጭራዋን። አበባዋ ሲረግፍ ፍሬዋ ላባ የመሰለ ጭራ ያወጣል። በጭራዋ ምክንያት ከዘሯ ተባረረች። እርሷ የሰማችው ነገር የለም፤ እዚያው ብርዷ ውስጥ ናት። ዘር ማለት ሌላ ሰው ስለ አንተ የሚናገረው ነገር ነው። ጻፉ።»

ጻፉ። ከዚያ ወዲህ ብዙ መጽሐፍ አንብቤአለሁ፤ ከዚህ የበለጠ ትምህርት ስለ አመዳደብ አልተማርኩም። ይህን ያስተማሩኝ ሰው ምን እንዳደረጉ ደግሞ እነግራችኋለሁ።

በሚቀጥለው ዓመት ከጮቄ ግርጌ የመጣ አንድ ተማሪ፣ ላባ የመሰለ ፍሬ ከነቅጠሉ በወረቀት ጠቅልሎ ይዞ ክፍል ገባ። «ቲቸር፣ የፋሲካ አበባን አገኘኋት» አለ። ደስታው ፊቱ ላይ ይታያል። የአዞ ሐረግ ነበር። ጭራቸው ስለሚመሳሰል ልጁ አይፈረድበትም። መምህር ይሄነው የዚያን ቀን «ይሄ ነው» አላሉም።

«እርግጠኛ የሚኮነው በማሽተት ነው» አሉት። ቅጠሉን በመዳፉ በደንብ እንዲያሸው፣ ከዚያ አፍንጫውን ደፍቶ በረጅሙ እንዲስብ አዘዙት። የአዞ ሐረግ እርጥብ ቅጠል ሲታሽ ከሚጥሚጣ ይብሳል። ልጁ እያነባና አፍንጫው እየፈሰሰ ተንበረከከ።

«አሁን ዘሯን አወቅሃት?»

«አወቅሁ ቲቸር።»

«አየህ፣ አትረሳትም።»

በኋላ ቤተ ሙከራ ገብተን «ምነው ጋሼ፣ ልጁን ገደሉት እኮ» አልኳቸው። «አንዲት በትር አላሳረፍኩበትም» አሉኝ። በዚህ ይኮሩ ነበር። በሥራ ዘመናቸው ሁሉ ተማሪ መትተው አያውቁም።

መምህር ይሄነው አስኳላ ከመግባታቸው በፊት ቅኔ ቤት ነበሩ። ቅኔ ቤት ጥሩ ነገር የተናገረ ደቀ መዝሙር «ይበል!» ይባላል፤ ለባለ ቅኔ ከዚያ በላይ ሽልማት የለም። ይሄነው ትተው የወጡት አንድም ቀን ይበል ስላልተባሉ ነው እያሉ ሰዎች ያሟቸዋል። አብረዋቸው ቅኔ የቆጠሩት ባልንጀራቸው ግን ቀጥለው የከተማው ስመ ጥር የቅኔ መምህር ሆኑ፤ መሪጌታ ጥበቡ። ሁለቱ በማኅበርና በተዝካር ይገናኛሉ። መምህር ይሄነው ሰሙና ወርቁ የተጣጣመ ነገር ጣል ያደርጋሉ፤ ሰዉ ይስቃል፤ መሪጌታ ጢማቸውን እያሻሹ ዝም ይላሉ። ያ ዝምታ መምህር ይሄነውን ሲበላቸው በዓይኔ አይቻለሁ። ሸምገል ያሉ ሰው ሆነው፣ ከተዝካር ሲመለሱ እንደ ልጅ ያኮርፉ ነበር።

አሁን ወደ ሙሉቀን ልምጣ። ሙሉቀን የሒሳብ መምህራችን ነው። የአምበር ልጅ፣ የመምህር ይሄነው ያገር ልጅና የቀድሞ ተማሪ። ዝምተኛ፣ ጨዋ፣ ሲራመድ ግራ እግሩን ትንሽ የሚጎትት። የእግሩን ነገር የነገረኝ ራሱ ነው፤ በመምህራን ክፍል ሻይ ስንጠጣ።

በደርግ መጨረሻ ልጆች ለብሔራዊ ውትድርና ሲታፈሱ፣ ሙሉቀን ደብረ ማርቆስ ቤት ተከራይቶ የሚማር ጎረምሳ ነበር። በዚያ ዓመት መምህር ይሄነው የእንቁራሪት ቤትን ትምህርት ያለ ወቅቱ በኅዳር አመጡት። የአዞ ሐረግ ቅጠል አድቅቀው የራሳቸው ክንድ ላይ አሹ። ደወል ሳይደወል ክንዳቸው ቀልቶ ውኃ ቋጠረ። «ይህ ሐረግ እግር ያስራል» አሉ። «የታሰረ እግር ደግሞ ወደ ሰሜን አይሄድም።» ክፍሉ ሳቀ። ሙሉቀን አልሳቀም።

«ወርቁ ገባኝ» አለኝ።

ቅጠሉን አድቅቆ ቅልጥሙ ላይ አስሮ አደረ። ሲፈታው ቆዳው አብሮ መጣ። ቁስሉ መግል ያዘ፣ ወደ ውስጥ ገባ፣ ሐኪሙም አይቶ መለሰው። ቀበሌው ግን የታዘዘውን ያህል ልጅ ማስረከብ ነበረበትና በሙሉቀን ፈንታ የጎረቤቱን ልጅ ወሰደ። የአቶ ጓዴን ልጅ፤ በማን ፈንታ እንደተወሰደ አባትየው አላወቁም። ያ ልጅ አልተመለሰም።

መምህር ይሄነው ስለዚያ ትምህርት እስር ቤት ሊገቡ፣ ከዚያም የባሰ ሊደርስባቸው ይችል ነበር። ይህንንም አብራችሁ ያዙልኝ። ፈሪ ሰው አልነበሩም።

ሙሉቀን የትምህርት ቤታችንን ጸሐፊ ወደደ። ማስተዋል ትባላለች፤ የመሪጌታ ጥበቡ ልጅ ናት። ማስተዋልም ወደደችው። ገና ሽማግሌ ሳይላክ፣ የሠርግ ቀሚሷ ጥለት ላይ ልታስጠልፈው ብላ የፋሲካ አበባን ሥዕል በእርሳስ ትገለብጥ ነበር። ከእኔ ጠረጴዛ አጠገብ ቆማ፣ ምላሷን በጥርሷ ይዛ። መምህር ይሄነው «ጭራዋን እንዳትረሺ» ይሏታል። ሽማግሌ ተላከ። መሪጌታ እሺም እምቢም ሳይሉ ከፋሲካ በኋላ ተመለሱ አሉ። ይህ በደንቡ እሺ ማለት ነው፤ ሁላችንም ደስ አለን።

መሐል ላይ ጸሎተ ሐሙስ መጣ። በዚያ ቀን ካህናት የምእመናንን እግር ያጥባሉ። ሙሉቀንም ተራውን ጠብቆ ሱሪውን ሰብስቦ ተቀመጠ። ቄሱ ሲያጥቡት መሪጌታ አጠገባቸው ቆመው ነበር፤ የግራ ቅልጥሙን አዩት። አጥንቱ ድረስ የጎደጎደ፣ ዙሪያው የነጣና የተጨማደደ ጠባሳ ነው። እኛ አገር እንዲህ ያለ ሥጋ ሲታይ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው አንድ በሽታ ነው፤ ቁምጥና። ቁምጥና ደግሞ በሰዉ ዘንድ በሽታ ብቻ አይደለም፣ ዘር ነው። የሙሉቀንን ዘር በከተማው የሚያውቅ ሰው ማነው? ያገሩ ልጅ መምህር ይሄነው።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ባለው ሰሞን መሪጌታ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ቤተ ሙከራችን መጡ። አንደኛው ሽማግሌ የመሪጌታ ጎረቤት አቶ ጓዴ ነበሩ። አዎ፣ ልጃቸው የዘመተባቸው አቶ ጓዴ። የተማሪዎቹ ከፍ ያሉ ዱካዎች ላይ እግራቸው መሬት ሳይነካ ተቀመጡ። እኔ ብልቃጥ እያጠብኩ ነበር፤ ውጪ ያለኝ ስላልነበረ እዚያው ቀረሁ።

«ይሄነው» አሉ መሪጌታ፤ አብሮ አደግ ስለሆኑ አንቱ አይባባሉም። «ልጁ ያንተ አገር ሰው ነው። ቅልጥሙ ላይ ያየሁት ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ጠባሳው ከምንድን ነው?»

መምህር ይሄነው አቶ ጓዴን አዩ። ከዚያ መሪጌታን አዩ። ከንፈራቸው ጨው እንደሚቀምስ ሰው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ያን እንቅስቃሴ አውቀዋለሁ፤ ቃል ሲመጣላቸው ነው።

«ጠባሳው ከሐረጉ ነው» አሉ።

ሐረግ አጥር ላይ የሚወጣው ነው። ሐረግ ከቅድመ አያት የሚወርደውም ነው። መምህር ይሄነው አንዲት የሐሰት ቃል አልተናገሩም።

ሁለተኛው ሽማግሌ አማተቡ። አቶ ጓዴ ራሳቸውን እየነቀነቁ መሬት መሬት አዩ። መሪጌታ ዓይናቸውን ከመምህር ይሄነው ሳይነቅሉ ቆዩ። ከዚያ በጣም በቀስታ «ይበል» አሉ።

ሁለቱ ሽማግሌዎች መሪጌታ እንግዲህ ይሁን ያሉ መሰላቸውና ለመነሣት ዱካውን ለቀቁ። የመምህር ይሄነው ፊት ግን በራ። ያን ያህል ደስ ብሏቸው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየኋቸውም።

ብልቃጡን አስቀምጬ «የኔታ፣ ተክሉን ማለታቸው ነው፤ የአዞ ሐረግን» አልኩ። አቶ ጓዴ ዞር ብለው «አንቺ ልጅ፣ የሽማግሌ ነገር ውስጥ አትግቢ» አሉኝ። መሪጌታ አላዩኝም። ወጡ።

«ሄደው ይንገሯቸው» አልኳቸው መምህር ይሄነውን።

«ምኑን?»

«ተክሉ መሆኑን።»

«ጓዴ ባለበት? ልጅህን ያስወሰደው እኔ ያስተማርኩት ቅጠል ነው ልበለው?» አሉኝ። ድምፃቸው ተሰበረ። ለአፍታ አመንኳቸው፤ እውነትም ለአቶ ጓዴ አዝነው ይሆናል አልኩ። ግማሹ እውነት ነው ብዬ ዛሬም አምናለሁ።

«እንግዲያው ለመሪጌታ ለብቻቸው ይንገሯቸው።»

«ሳማ» አሉኝ፣ ካፖርታቸውን እየቆለፉ። «ቅኔን ባለቤቱ አይፈታም። ደግሞ ሰማሽው አይደል? ይበል አለኝ።»

በዚያው ቀን መሪጌታ ቤት ሄድኩ። ከደጃፉ ሥር ተቀምጠው ጸሐይ ይሞቁ ነበር። ማስተዋል ከውስጥ ስታለቅስ ይሰማል። ነገሩን ከነፍሬው አስረዳኋቸው፤ የውትድርናውን፣ የቅጠሉን፣ ሁሉንም። ቁምጥና በዘር እንደማይወርድም ነገርኳቸው፤ እኔም መምህር ይሄነውም በየዓመቱ ይህንን እናስተምራለን። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «እኔ ቅኔ ሳስተምር ነው የሸበትኩት። አጥር ላይ ያለውን ሐረግ የማላውቀው መሰለሽ?»

«ታዲያ የኔታ?»

«ወርቁን እኔ ሰማሁ። ሰሙን አገር ሰማ። ልጄ የምትኖረው ከአገር ጋር ነው።»

ከዚያ በኋላ ጸሎት እንዳላቸው ነገሩኝና ተነሡ። ክፋት በፊታቸው ላይ አላየሁም። የእህል ዋጋ እንደሚናገር ሰው ነበር የነገሩኝ።

ካፍ ከወጣ አፋፍ። ሳምንት ሳይሞላ ከተማው ሁሉ ሰማ። ሙሉቀን መምህራን ክፍል ገብቶ ሱሪውን ሰብስቦ ጠባሳውን አሳየን። «የአዞ ሐረግ ነው፤ ለውትድርና ብዬ ነው» አለ። «እንደ ፋሲካ አበባዋ ዘሬን ቀየሩልኝ» ብሎም ሊስቅ ሞከረ። አብሮት የሳቀ የለም። ሲወጣ አሜኬላ የተባሉት የታሪክ መምህር «ሌላ ምን ሊል ኖሯል?» አሉ፤ ሙሉቀን የጠጣበትን ብርጭቆ የሻይ ልጅቷ በሁለት ጣቷ አነሣችው።

የተናገረውም ነገር አቶ ጓዴ ጆሮ ደረሰ። መምህር ይሄነው ላድናቸው ፈለግሁ ያሉት ሐዘን በሌላ መንገድ አገኛቸው። ሽማግሌው ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሙሉቀንን ጠብቀው «የኔ ልጅ በአንተ እግር ነው የዘመተ» አሉት። ሌላ አልጨመሩም። ሙሉቀን ከዚያ ቀን ጀምሮ የቁምጥና ዘርም፣ ሸሽቶ ሰው ያስገደለም ሆነ፤ አንዱ ከሌላው ጋር እንደማይሄድ ልብ ያለ ሰው አልነበረም። ቁምጥናው ከሆነ አልሸሸም፣ ከሸሸ ቁምጥና የለበትም። ይህን ለስንት ሰው ብዬአለሁ።

ማስተዋልን ለመርጡለ ማርያም አንድ ዲያቆን ዳሯት። የሠርግ ቀሚሷን አላየሁትም፤ አበባዋን አስጠልፋበት እንደሆነ አላውቅም። አምበር ያለችው የሙሉቀን ታናሽ እህትም ታጭታ ነበር፤ ጥሎሹ ተመለሰ። ሙሉቀን ዳግመኛ ሽማግሌ ልኮ ነበር፤ «ዘመድ እናማክር» እየተባለ ቀረ። ከዚያ መላኩን ተወ። መምህር ይሄነው በመንገድ ሲያገኙት ባርኔጣቸውን ያነሡለታል፤ እርሱም ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሣቸዋል። ክፉ ቃል ሲለዋወጡ ማንም አልሰማም። ልጃቸው ፋሲካ ደግሞ በዚያ ከተማ የሙሉቀንን እጅ የምትጨብጥ ብቸኛ ልጅ ነበረች። ከትምህርት ቤት ስትወጣ ሮጣ ትጨብጠዋለች፤ ለምን እንደሆነ ማንም ያስተማራት አይመስለኝም።

እኔም ደጀን ተዛወርኩ። ሥዕሉን ለመጨረሻ ጊዜ ሳየው ሐምራዊዋ አበባ በጸሐይ ነጥታ ጭራዋ ብቻ ይታይ ነበር።

ቀብሩ ላይ የደረስኩት ፍትሐቱ ሊያልቅ ሲል ነው። ብዙ ተማሪ መጥቷል፤ አንዳንዱ ሐኪም፣ አንዳንዱ የመንግሥት ሹም ሆኗል። በመምህር ይሄነው ቃል የቆሰለም በመምህር ይሄነው ቃል የሚምልም አብሮ ቆሟል። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጥን። ፋሲካ ትልቅ ሴት ሆናለች፤ ጥቁር ለብሳ፣ ፊቷ አብጦ፣ እኔ ልያዝልሽ የሚሏትን እየከለከለች ራሷ ንፍሮ በትሪ ይዛ ታድላለች። ታጭታለች ብለው በጆሮዬ ነገሩኝ። የእጮኛዋ እናት ከፊት ረድፍ ተቀምጠዋል፤ ነጠላቸው ንጹሕ፣ አነጋገራቸው ዝግ ያለ ሴት ናቸው። ሙሉቀን ከሴትዮዋ ቀጥሎ ያለው አግዳሚ ላይ ነበር። ጸጉሩ ሸብቷል። አጠገቡ ክፍት ቦታ ስለነበረ እኔ ሄጄ ተቀመጥኩ።

ሴትዮዋ ወደ እርሱ ዞር አሉ። የሩቅ ሰው ስለሆኑ ማን እንደሆነ አያውቁትም።

«ተማሪያቸው ኖት?»

«ተማሪያቸው ነኝ» አለ ሙሉቀን።

«እግዜር ያጥናዎ። ጣታቸው ሁሉ ወድቆ ነበር አሉ። ከምን ነው?»

ፋሲካ ከእኛ ሁለት ሰው አልፋ ንፍሮ እየሰጠች ነበር። ሙሉቀን አያት። ከዚያ ከንፈሩ ጨው እንደሚቀምስ ሰው ተንቀሳቀሰ። ክንዱን ልይዘው እጄን ሰደድኩ፤ አልደረስኩበትም።

«ከሐረጋቸው ነው» አለ።

ሐሰት የለበትም። ስኳር በዘር ይወርዳል፣ ሐኪም የሚለው ነው። ምናልባትም አጥር ላይ ያለውን ማለቱ ነው፤ ከዚያች ቃል ጀምሮ የሆነውን ሁሉ ማለቱ ነው። አልጠየቅሁትም። ቅኔን ባለቤቱ አይፈታም። መሪጌታ ጥበቡ ከሞቱ ቆይተዋል፤ ይበል የሚል ሰው በድንኳኑ ውስጥ አልነበረም። ሙሉቀን በዚያ ሁሉ ክፍል ውስጥ ሳይስቅ የቀረው ያ ተማሪ ነው፤ መምህር ይሄነው ከእርሱ የተሻለ ተማሪ አላስተማሩም።

ፋሲካ ሴትዮዋ ጋ ደረሰች። ሰምታለች። ትሪውን ዝቅ አድርጋ ጠበቀች። የወደፊት አማቷ ንፍሮ ሊቀበሉ ዘርግተውት የነበረውን መዳፍ አዩት፣ ከዚያ ሰብስበው ወደ ነጠላቸው ውስጥ መለሱት። ከኋላቸው ያሉት ሴቶችም አንድ በአንድ ጠግበናል አሉ። ፋሲካ ሙሉቀን ፊት ቆመች። እርሱ አንገቱን ደፍቶ የግራ ቅልጥሙን ያሻል እንጂ ቀና አላለም።

«እኔ እፈልጋለሁ» አልኳትና ሁለት እጄን ዘረጋሁ። አፍሳ አፍሳ ሰጠችኝ። ትኩስ ነበር፤ ከመዳፌ እስኪፈስ ሰጠችኝ፤ ትሪው ግን አልጎደለም።